የከረጢቱ ደራሲ ማን ነው?

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን የእህቴ ልጅ ከዋሽንግተን ዲሲ መጥታ ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰው መቼም ባዶ እጁን አይመጣምና፣ ለአክስቴ ብላ ከሻንጣዋ ያወጣችው ስጦታ ቡና ሆነ። ያውም የይርጋጨፌ ቡና! «ለቀባሪ አረዱት» ማለት ይሄ ነው ብለን ሣቅን። ልጅቷም እንደ ማፈር ብላ አብራን ሣቀች።

ከረጢቱ ግን ያምራል። ከፊቱ «ይርጋጨፌ» የሚል በትልቁ ተጽፎበታል፤ ከጀርባው ሻሽ ያሰረች ሴት እሸት ቡና ስትለቅም ፈገግ ብላ ትታያለች። አክስቴ ሰማንያን ከዘለቁ ቆይተዋል፤ ፊደል አልቆጠሩም። ከረጢቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩና ሴትዮዋ ላይ ዓይናቸው ቀረ።

«ይቺ ሴትዮ የማን ልጅ ናት?» አሉ።

የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛውን እየመለሰች አነበበችላቸው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 እስከ 2,100 ሜትር፤ የታጠበ ቡና፤ የጽጌረዳና የሎሚ ሽታ ያለው፤ ከሴት ገበሬዎች ጋር በፍቅር የተሠራ። «ስሟ ግን አልተጻፈም፣ እማማ።»

«ስንት ገዛሽው?»

«አሥራ ስምንት ዶላር።» ከረጢቱ 340 ግራም ነው። አክስቴ ትንሽ አሰቡ።

«እሷስ ስንት ደረሳት?»

ልጅቷ ከረጢቱን እንደገና ገለበጠችው። እኔም ተቀብዬ መነጽሬን አድርጌ አየሁት። የለም። አልተጻፈም።

እንግዲህ ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝና ከረጢቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ እንደ ድርሰት ማንበብ ጀመርኩ። ምን ላድርግ፣ የድሮ ሙያ አይለቅም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለአዲስ ተማሪዎች የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ተራኪው ማን ነው?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ «ምን እያወቀ ዝም አለ?» የሚል ነው።

የከረጢቱ መቼት እጹብ ድንቅ ነው፤ ከፍታው እስከ ሜትሩ ተነግሯል። ቅጽል በሽ በሽ ነው። ገጸ ባሕርይ አለች፤ ስም የላትም፣ አትናገርም፣ ፈገግታ ብቻ ነው የተሰጣት። ታሪኩ ከቡናው ዛፍ ተነሥቶ ሲኒ ውስጥ ዘሎ ይገባል፤ መሐል ያሉት ሰብሳቢው፣ የማጠቢያ ጣቢያው፣ አቅራቢው፣ ላኪው፣ አስመጪው፣ ቆይው የሉም። ተራኪው እኛ በክፍል ውስጥ «ሁሉን አወቅ» የምንለው ዓይነት ነው። ሁሉን ያውቃል፤ የሚነግረን ግን የመረጠውን ነው። ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ ከተጻፈው ውስጥ አንድም ውሸት አላገኘሁም። ቅር ያሰኘኝ የተጻፈው አይደለም። የተጻፈውን የማረጋግጥበት፣ ያልተጻፈውን የምጠይቅበት መንገድ አለመኖሩ ነው።

በህሊና መግዛት የሚሉት ነገር በምዕራቡ ዓለም ከመጣ ሰነበተ። ሸማቹ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዕቃው የተሠራበትን መንገድም ይግዛ፤ ሕፃን የደከመበትን፣ ደን የተጨፈጨፈበትን፣ ሠራተኛ የተበደለበትን ይተው ነው ነገሩ። አሳቡ መልካም ነው። ግን ሸማቹ በምን ይወቅ? ለዚህ የተገኘው የመጀመሪያው መልስ ማኅተም ነበር። የሚገርመው ታዲያ ያ ማኅተም የተወለደው ከልብ ወለድ መጽሐፍ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 በኔዘርላንድስ ከሜክሲኮ ገበሬዎች በተሻለ ዋጋ የተገዛ ቡና ገበያ ላይ ወጣ። በማሸጊያው ላይ የተለጠፈው መለያ ስሙ «ማክስ ሀቬላር» ይባላል። ማክስ ሀቬላር በ1860 የታተመ የደች ልብ ወለድ ባለታሪክ ነው። ደራሲው ኤድዋርድ ዳውስ ዴከር፣ በብዕር ስሙ ሙልታቱሊ፣ በጃቫ ደሴት የቅኝ ግዛት ሹም ነበር። ገበሬው ሲዘረፍ አይቶ ለበላዮቹ ቢከስ ሰሚ አጣ፤ ሥራውን ለቀቀና መጽሐፉን ጻፈ።

መጽሐፉን ያነበበ ሰው የማይረሳው አተራረኩን ነው። የሚጀምረው በአምስተርዳም የቡና ደላላ አንደበት ነው። ድሮኽስቶፐል የተባለው ይህ ደላላ ከቡና ዋጋ በቀር ዓለም የለውም። አንድ የደኸየ የትምህርት ቤት ጓደኛው አንድ እስር ወረቀት ያመጣለታል። ደላላው ወረቀቱን የተቀበለው ስለ ቡና የሚያወራ ነገር ስላየበት ነው፤ ስለ ቡና ገበያ መጽሐፍ ይወጣዋል ብሎ። ከወረቀቱ መሐል የወጣው ግን የጃቫ ገበሬ መከራ ሆነ። ደላላው ቢናደድ፣ ቢያጉረመርም ታሪኩ ከእጁ አመለጠ። በመጨረሻ ደራሲው ራሱ ብቅ ብሎ ደላላውን ከመድረክ ያባርረውና ለኔዘርላንድስ ንጉሥ በቀጥታ ይናገራል።

እኔ እንግዲህ ይህን ሳስብ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ማኅተሙ የመጽሐፉን ስም ወሰደ፤ የመጽሐፉን ትልቅ ሥራ ግን ትቶት ሄደ። የመጽሐፉ ሥራ ምን ነበር? የወረቀቱን እስር መፍታት ነበር። ማኅተም ደግሞ የታሰረውን ወረቀት እንደታሰረ ያስቀምጥና ከላዩ «ተመርምሯል» ብሎ ይለጥፍበታል። የመረመሩት ሰዎች ቅን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብዙ ገበሬ በእነዚህ ማኅተሞች እንደተጠቀመም አልክድም። ነገር ግን ማኅተም የሚጠይቀኝ እምነት ነው። «እኛ አይተነዋል፣ አንተ እመን» ይላል። የምለምነው ግን ወረቀቱን ራሱን ነው።

ይህ የመምህር ቅብጠት እንዳይመስላችሁ። ወረቀቱ ሲደበቅ ሰው ይሞታል። ኤፕሪል 24 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ሕንፃው መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር። ከታች ያለው ባንክ ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግሥቱ ግቡ ተባሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለጆሮ ይዘገንናል። እነዚያ ፋብሪካዎች ለየትኞቹ ታላላቅ ኩባንያዎች ይሰፉ እንደነበር ለማወቅ ሰዎች ከፍርስራሹ ውስጥ የሸሚዝ መለያ በእጃቸው መልቀም ነበረባቸው። ማን ከማን እንደሚገዛ የተከፈተ መዝገብ አልነበረማ! ሸማቹ አንገትጌው ላይ የሚያነበው «በባንግላዴሽ የተሠራ» የሚለውን ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የሠራተኛ ማኅበራትና የልብስ ኩባንያዎች አንድ ስምምነት ፈረሙ። ከጊዜ በኋላ ከ200 በላይ ኩባንያዎች ገቡበት። ከ1,600 በላይ ፋብሪካዎች ተፈተሹ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የፍተሻው ውጤት ለማንም ሰው ክፍት ሆኖ መውጣቱ ነው። የቱ ፋብሪካ የእሳት መውጫው ተቆልፎ እንደተገኘ፣ የቱ እንዳስተካከለ፣ የቱ እንደዘገየ በስም ይነበባል። ናይኪ እ.ኤ.አ. በ2005 የፋብሪካዎቹን ዝርዝር ለሕዝብ ሲያወጣ «ይህ የንግድ ምስጢር ነው» ሲባል የኖረው ነገር ምስጢር መሆኑ አብቅቶ ነበር። ኩባንያው አልከሰረም፤ ሌሎችም ተከተሉት። ዛሬ አንዲት ሠራተኛ ራሷ የፋብሪካዋን ስም ፈልጋ ለየትኞቹ ኩባንያዎች እንደሚሠራ የምታይበት ክፍት ካርታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ፈረንሳይ ውስጥ በበጎ ፈቃደኞች የተጀመረው «ኦፕን ፉድ ፋክትስ» ደግሞ የታሸገ ምግብ ይዘትን ማንም የሚጽፍበት፣ ማንም የሚያነበው መዝገብ ነው፤ ዕቃው ላይ ያለውን ባለመስመር ኮድ በስልክ ማንሳት ይበቃል። እርግጥ ይህኛው በአብዛኛው የሚከፍትልን ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ነው። ማሸጊያው ዝም ያለውን ገና ሌላ ሰው መጠየቅ አለበት።

ወደ ራሳችን ቡና ልመለስ። የኛ ታሪክ በዚህ ረገድ አስተማሪ ነው፤ አንዱን በር ስንከፍት ሌላውን ስንዘጋ ኖረናልና። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ቡናም ብዙ ሳይቆይ ገባበት። በየገጠር ከተማው የዕለቱን ዋጋ የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ በስልክ 929 ደውሎ ዋጋ መስማትም ተቻለ። ለዘመናት ደላላው የነገረውን ዋጋ አሜን ብሎ ሲቀበል ለኖረ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዋጋው መጽሐፍ ተከፈተለት። በዚያው ልክ ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከሌላው ጋር ስለሚቀላቀል፣ የእገሌ ቀበሌ፣ የእገሌ ማጠቢያ ጣቢያ የሚለው ዱካ ጠፋ። ከዚህ የዳኑት በቀጥታ መላክ የተፈቀደላቸው የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና እርሻቸውን ራሳቸው የሚልኩ ጥቂቶች ነበሩ። ዋጋ ተከፈተ፣ መነሻ ተዘጋ። በቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ዱካው ተመልሶ እንዲከፈት መንገድ ተበጀ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ ሕግ፣ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣቱ እንዲረጋገጥ፣ እያንዳንዱ ማሳ በምድር ላይ ያለበት ነጥብ እንዲመዘገብ ያዛል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ደጋግሞ ቢገፋም ምዝገባው ቀርቶ አያውቅም። ጓሮው ውስጥ ጥቂት የቡና እግር ያለው የጌዴኦ ወይም የከፋ ገበሬ የማሳው ነጥብ በሳተላይት ይያዛል ማለት ነው። ደን መጠበቁን የሚጠላ የለም። የኔ ጥያቄ የአክስቴ ጥያቄ ነው፤ ገበሬው የማን ልጅ እንደሆነ ታወቀ፣ ስንት እንደደረሰውስ? ያ ሕግ ቡናው የተገዛበትን ዋጋ ለገበሬውም ሆነ ሱቁ መደርደሪያ ፊት ለቆመው ሸማች አሳዩ አይልም። መነሻ ተከፈተ፣ ዋጋ ተዘጋ። ገበሬው ስለ ራሱ ሁሉን ያስነብባል፤ ስለ ገዢው ግን አንድ መስመር አያነብም።

«ዋጋ እንዴት ይገለጣል? ነጋዴ ገመናውን ያወጣል እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። የሚያወጣ አለ። ቡናውን የገዙበትን ዋጋ በየዓመቱ ለሕዝብ የሚያሳውቁ የቡና ቆይ ኩባንያዎች በአሜሪካም በአውሮፓም አሉ። ከነዚህም ብዙዎቹ የሚገልጡት ቡናው መርከብ ላይ የተጫነበትን ዋጋ ነው፤ ገበሬው ደጃፍ ላይ የተከፈለው ሌላ ነው። ቢሆንም አንድ ገጽ ተከፈተ። ቀጣዩን ገጽ መጠየቅ የሚቻለው ይህኛው ስለተከፈተ ነው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ በማግሥቱ ሳስረዳቸው በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «እሺ፣ አንተስ ከዚህ ከሰፈሩ ሱቅ የምትገዛው ቡና የማን ነው?» አሉኝ።

አላውቀውም! ያ የአሜሪካ ነጋዴ ቢያንስ ከረጢት አለው። የኔ ቡና የሚመጣው በላስቲክ ነው። ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን እዚሁ እኛው እንጠጣዋለን፤ የት ተለቀመ፣ ማን ለቀመው፣ መቼ? ብለን ግን አንጠይቅም። ለነገሩ እናቶቻችን ይጠይቁ ነበር። «የየት አገር ነው?» ሳይባል ቅቤ አይገዛም። በጣት ይቀመሳል፣ ይሸተታል፣ ባለቅቤዋ መሐላ ትምላለች። ችግሩ መልሱ ሁሌ አንድ መሆኑ ነው፤ «የሸኖ!» አዲስ አበባ የሚሸጠው ቅቤ ሁሉ ከሸኖ ከመጣ የሸኖ ላሞች ሌሊትም አይተኙም ማለት ነው። በርበሬው ሁሉ የማረቆ፣ ጤፉ ሁሉ የአድዓ ማኛ ነው። የቦታ ስም የጥራት ማኅተም ሆነ፤ ማኅተሙን ደግሞ ማንም ይመታዋል። የተጎዳው ሸማቹ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛው የሸኖ ባለላምም ስሙን ተዘርፏል።

ሕግ የለንም እንዳንል አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። አማርጦ ወይም ዋጋ ተከራክሮ ሳይገዛ ቢሄድም አይገደድም ይላል። ጥሩ አንቀጽ ነው። ግን ስለ ዕቃው እንጂ ዕቃውን ስለሠራው ሰው አይናገርም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲከፈት «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚል ሸሚዝ ባሕር ተሻግሮ ሄደ ብለን ኮራን፤ እኔም ኮርቻለሁ። የሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ብዙዎቻችን የሰማነው በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ባወጡት ሪፖርት ነው። የገዛ ልጆቻችንን ደመወዝ ከኒው ዮርክ ሰማን። ሸሚዙ አንገት ላይ የአገራችን ስም ተጽፎ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ግን ለኛም ዝግ ነበር።

ሁለት ተቃውሞ አውቃለሁ። አንደኛው፣ «ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ዘመን ህሊና የሀብታም ጌጥ ነው» የሚል ነው። እውነት አለው። የወር ደመወዙ ለጤፍ የማይበቃውን ሰው «የቅቤውን ታሪክ አጣራ» ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን መረጃ ሲዘጋ የሚጎዳው ማን ነው? ሀብታሙ ዘመድ አዝማድ ልኮ ከገጠር ያስመጣል። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን የሚበላው፣ ያለ ደረሰኝ የሚገዛው፣ ስንት እንደሚገባው ሳያውቅ የሚሰፋው ድኻው ነው።

ሁለተኛው፣ «ማን ያነበዋል?» የሚል ነው። እኔ መዝገብ ሁሉ ይከፈት ስል ሰው ሁሉ ጉሊት ቆሞ መዝገብ ያንብብ ማለቴ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ግድም ሂስ ሳስተምር ያየሁት ነገር አለ፤ አንድን መጽሐፍ ከሺህ ሰው አንዱ ቢያነበው ነው። ግን መጽሐፉ ክፍት ስለሆነ ያ አንዱ አንብቦ ይተቻል፣ ሌላው «ተሳስተሃል፣ ገጽ ይሄን እይ» ይለዋል፣ በዚህ መሐል ያላነበበውም ይማራል። ዕድር ላይ አንድ ሰው «ያንን ዘይት ተዉት» ካለ መቶ ቤት ይሰማል። ያ ሰው የሚለውን በምን እናጣራ ነው ጥያቄው። መዝገቡ ክፍት ከሆነ እናጣራለን፤ ዝግ ከሆነ ግን ወሬ ነው የሚሆነው፣ ወሬ ደግሞ ንጹሑንም ነጋዴ ይበላል። ጽሑፉ የተቆለፈበት ሐያሲ ከሐሜተኛ አይለይም።

የእህቴ ልጅ ከመመለሷ በፊት ለቡናው ኩባንያ በኢሜይል ሦስት ጥያቄ ጻፈች። ሴትዮዋ ማን ናት? ለእሸት ቡናዋ በኪሎ ስንት ተከፈላት? ፎቶዋ ከረጢት ላይ እንደሚወጣ ታውቃለች? በሳምንቱ መልስ መጣ፤ ረዥም፣ ትሁት፣ በሚያምር እንግሊዝኛ የተጻፈ። ስለ ቡና ያላቸውን ፍቅር፣ ወደ ኢትዮጵያ ስላደረጉት ጉዞ፣ ስለ ተራራው ጭጋግ ይተርካል። ከአጋሮቻቸው ጋር ያላቸው የዋጋ ስምምነት ግን በምስጢር የሚያዝ መሆኑን በአክብሮት ይገልጻል።

አክስቴ ቡና አፍልተው ሦስተኛውን እየቀዱ ነበር። ልጅቷ ደብዳቤውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተርጉማ አነበበችላቸው። እሳቸውም ጀበናውን ማቶቱ ላይ መልሰው ጥቂት ዝም አሉና እንዲህ አሉ፦

«ደብዳቤውስ ጥሩ ነው። ሴትዮዋ ግን የለችበትም።»